ዋስ የተጠራባት መኪና

ደባርቅ፣ የካቲት 23 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

ከተለያየን ወዲህ እንደምን ከረምሽልኝ? የዳባት ብርድ እንዴት አድርጎሻል? ጠመኔው አሁንም ያስነጥስሻል ወይ? እነዚያ ተማሪዎችሽስ ካርታ ላይ ጣናን ቀይ ባሕር ማለታቸውን ተዉ? እኔ አጎትሽ ባለፈው ወር አንድ ጥርስ ከማጣቴና ጎረቤቶቼም በዚህ ከመደሰታቸው በቀር ለክፉ የሚሰጥ ነገር አላገኘኝም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ይህን ያልኩት ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው። እውነቱን ከጠየቅሽኝ ግን ፈርቻለሁ። ማንበብና መጻፍን ከጭነት መኪና ጎን ላይ ከተጻፈው እያየሁ እንደተማርኩ ታውቂያለሽ፤ ፊደሌ ዱሮም አያምርም። ዛሬ የባሰበት ግን በፍርሃት ነው። መኪና ሥር ተኝቼ ክሪክ ሲንሸራተት እንኳ የምቀልድ ሰው ነበርኩ።

ወረቀቱን የሚሰጥሽ ወልደ ገብርኤል ነው፤ ከጨነቅ እስከ ዳባት ጭነት የሚያመላልሰው ባለ በቅሎ። እመኚው። የሚልሽን ሁሉ አድርጊ። አንብበሽ ስትጨርሺ ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ ክተችው። ቆይቼ እንደገና አነበዋለሁ ብለሽ መጽሐፍ መሃል እንዳታስቀምጪው፤ ጠባይሽን አውቀዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ጓድ ያርጋል ጋራዤ ድረስ መጣ። ያው ያርጋል፣ ከሊማሊሞ በታች ያለውን ቆላ እንደ ርስቱ የሚያዝበት ካድሬ፣ አባትሽን ስምንት ወር አሳስሮ ለገና በፊርማው ያስፈታቸው። ስሙን በሰማሁ ቁጥር አባትሽ የወጡ ዕለት የነበራቸው አንገት ነው የሚታየኝ። ያ የአንድ ደብር መዘምራን የሚያስከነዳ ድምፅ በዚያ ቀጭን አንገት እንዴት እንደሚወጣ ግራ ገብቶኝ ነበር።

«ሽማግሌው፣ መኪና ታውቃለህ አሉ» አለኝ። ልጄ የሚሆን ሰው አንተ ይለኛል።

«ትንሽ ትንሽ እሞክራለሁ፣ ጓድ» አልኩት።

«ሰኞ ጎንደር እንወርዳለን። አዲስ መኪና ልገዛ ነው። አንተ ትመርጥልኛለህ።»

እኔ የመረጥኩት በቅሎ እንጂ መኪና አይደለም፤ መኪና ከተሰበረ በኋላ ነው ወደኔ የሚመጣው ልለው አፌን ስከፍት ዓይኑን አየሁትና መልሼ ዘጋሁት። «ዓይኑን ሳይ ይበርደኛል» ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር፤ ያኔ ሹራብ ልበሺ ብዬ ቀልጄብሻለሁ። ይቅር በይኝ።

ሰኞ በቢሮው ላንድሮቨር ወረድን። መሸጫው ትልቅ መስታወት ያለው ቤት ነው። ዱሮ የአንድ ነጋዴ ነበር፤ ዛሬ የመንግሥት ነው። ውስጡ ሦስት ትራክተሮችና አንዲት የቤት መኪና ብቻ ቆመዋል። መኪናዋን ብታያት! ትንሽ ናት፤ ሁለት አህያ ጎን ለጎን ቢቆሙ ይጋርዷታል። ሎሚ የመሰለ ቀለሟ ያበራል። ከኋላዋ እንደ ሙዳይ ክዳን ወደ ላይ የሚከፈት በር አላት። ወንበሯ ለስላሳ ቆዳ ነው፤ ስትቀመጪበት የሹመት ደብዳቤ የደረሰሽ ይመስልሻል። ዘፈን የሚያጫውት ቴፕ አላት፤ ሲጋራ የሚለኩስ ፍም አላት፤ ሴት ፊቷን የምታይበት መስታወት፣ በመስታወቱም አጠገብ ትንሽ መብራት አላት። ያርጋል የያዘው ወረቀት «ለቅስቀሳ ሥራ» ይላል። በዚያ መስታወት ፊቱን እያየ የሚቀሰቅሰው ማን እንደሆነ ልጠይቀው አማረኝና ምላሴን ነከስኩ።

ሻጩ ክንዴ ይባላል። ሠላሳ ዓመት አይሞላውም፤ ክራቫቱን ሚስቱ ያሰረችለት ይመስላል። ያርጋልን ሲያይ ላቡ መጣ። መኪናዋን ያዘዛት ሰው ሳይረከባት ስለቀረ ሁለት ዓመት መጋዘን ውስጥ መቆሟን ነገረን። ሰውየው ለምን ሳይረከባት እንደቀረ የጠየቀ የለም።

አሁን ጥፋቴን ልንገርሽ። በቅሎ ገበያ የቆመ ሰው ሊገዛት የፈለጋትን በቅሎ አያመሰግናትም፤ ያጥላላታል። ሻጩም አይቀየምም፤ ወጉ ነው። እኔ ሌላ የመግዣ ቋንቋ ከየት ላምጣ? ዞርኳት። ጎማዋን በእግሬ ነካ ነካ አደረግሁ።

«ዓይኗ ትልቅ ነው፤ ትደነብራለች» አልኩ። «ጆሮዋስ? በግራ በኩል አንድ መስታወት ብቻ ነው ያለው። የቀኙን ጅብ በላው?»

«ጋሼ፣ ከፋብሪካ ስትወጣም እንዲሁ ናት» አለ ክንዴ።

«እንግዲያው ፋብሪካው አጠገብ ነው ጅቡ ያለው። ሆዷም መሬት ሊነካ ነው። የኛ አገር ድንጋይ ሆዷን ሲያክላት ቆማ መሳቋ ነው።»

ያርጋል በሳቅ ፈረሰ። ይህቺ ናት በሽታዬ፤ ሰው ከሳቀልኝ የምናገረውን አላውቅም። ክንዴም ትንሽ ፈገግ ሲል ደግሞ ባሰብኝ። እናም እንዲህ አልኩ፤

«ለመሆኑ ዋሷ ማነው? በኛ አገር በቅሎ ያለ ዋስ አትሸጥም። ኋላ ነውር ቢገኝባት የሚያዝ ሰው አሁን ይጠራ።»

ለቀልድ ነው ልጄ። እግዜር ያውቃል፣ ለቀልድ ነው። ያርጋል ግን ሳቁን ቆረጠው። «ጥሩ ብለሃል» አለኝ። ክንዴን ጠርቶ ወረቀት አስወጣው። «ጻፍ። በዚህች መኪና ላይ ነውር ቢገኝ፣ በነውሯም ጉዳት ቢደርስ፣ እኔ አሻጥረኛ ተብዬ በራሴ ልጠየቅ።»

ክንዴ ወደኔ አየ። «ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ወረቀት መሥሪያ ቤታችን የለም እኮ» አለ፣ እኔ የምከለክልለት ይመስል።

«አሁን ኖረ» አለው ያርጋል።

ክንዴ ጻፈ፤ ፈረመ። ያርጋል ወረቀቱን አጥፎ በደረት ኪሱ ከተተው።

ከዚያ ለሙከራ ወጣን። እኔ መሪ ጨበጥኩ፤ ያርጋል አጠገቤ፣ ክንዴ ከኋላ ተቀመጡ። በደባርቅ መንገድ ሽቅብ ወደ ኮሶዬ ነዳኋት። አልዋሽሽም፣ ወደድኳት። ሞተሯ አያጉረመርምም፤ መሪዋ በሁለት ጣት ይዞራል። ኮሶዬ ላይ ዞረን ቁልቁል ስንመለስ ነው ያ የሆነው። አራት ጥምዝምዝ ፍሬን እየያዝኩ ወረድኩ። አምስተኛው ላይ ስረግጥ እግሬ እርጎ ውስጥ የገባ መሰለኝ። ፔዳሉ ወለል ድረስ ሄደ፤ መኪናዋ ግን አልሰማችም። በስተግራ ገደል ነው። ከፊታችን ጭድ የጫኑ አህዮች መንገዱን ሞልተውታል። ማርሹን ወደ ሁለት፣ ከዚያ ወደ አንድ ቀነስኩ፤ ሞተሯ ጮኸች፤ የእጅ ፍሬኑን ትንሽ ትንሽ እያደረግሁ ሳብኩ። የመጨረሻዋን አህያ ጭድ በጎናችን ጠርገን አለፍን። ባለ አህዮቹ የላኩልንን እርግማን እዚህ አልጽፈውም፤ አንቺ አስተማሪ ነሽ።

ያርጋል በመስኮት የገባውን ጭድ ከትከሻው እያራገፈ «አንተ ሽማግሌ፣ ለካ ጉደኛ ሾፌር ነህ!» አለኝ። ሆን ብዬ ያስፈራራሁት መስሎታል። በመስታወት ወደኋላ ሳይ የክንዴ ከንፈር ነጥቷል። እሱ ገብቶታል።

እኔም ምን እንደሆነ ወዲያው አውቄያለሁ። ሁለት ዓመት ሳይለወጥ የቆመ የፍሬን ዘይት ውሃ ይስባል። ሜዳ ላይ ምንም አይታወቅበትም። ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ግን ይፈላና ፍሬኑ ባዶ ይሆናል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ተመልሶ ደህና ይመስላል። ከጎንደር ደባርቅ ሽቅብ ነው፤ አያሰጋም። ከደባርቅ ወደ ያርጋል ቤት ግን መንገዱ ሊማሊሞ ነው፤ ያን ሁሉ ጥምዝምዝ ቆላው እስኪደርሱ ፍሬን ሳይለቁ ነው የሚወርዱት።

መሸጫው ደርሰን ያርጋል ወረቀቱን ሊያስጨርስ ገባ። ክንዴ የኋላ በሯን ከፍቶ ዕቃ ማስቀመጫውን የሚያሳየኝ መስሎ ጎንበስ አለ። «ጋሼ፣ አላወቅሁም ነበር። ገና ክርስትና ያልተነሡ መንታ ልጆች አሉኝ» አለኝ። በሩን እየዘጋ ሳለ ጣቱን ቆርጥሞት ነበር፤ ያም አልታወቀውም።

ያርጋል ወጣና በወጉ ጠየቀኝ፤ «እሺ፣ ነውሯ ምንድን ነው?»

ይህን ጥያቄ የተጠየቀ በቅሎ መራጭ አይዋሽም። እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለማልወደው ሰው እንኳ ዋሽቼ አላውቅም። እውነቱን ብናገር ግን ክንዴ ከዚያች በር አይወጣም ነበር። «ነውሯ ቆንጆ መሆኗ ነው» አልኩት። ሳቀ። ገዛት። እኔም አጠገቡ ካለው ሱቅ አንዲት ቆርቆሮ የፍሬን ዘይት ገዝቼ ኮቴ ውስጥ ሸጎጥኩ፤ ደባርቅ ስደርስ ማንም ሳያይ ልቀይረውና ነገሩ በዚያው እንዲያልቅ።

አምባ ጊዮርጊስን ስናልፍ ነው የልቡን የነገረኝ። «ይህቺን ለማን የገዛኋት ይመስልሃል?» አለና ስምሽን ጠራ። እሑድ፣ በቅበላ፣ ዳባት መጥቶ ሊወስድሽ ነው። በዚያው ቀን በሊማሊሞ ወርዶ ቤቱ ሊያስገባሽ ነው። «ጾም ከመግባቱ በፊት» አለኝ። እሱ ጾም አያውቅም፤ እናቱ ታውቃለች መሰለኝ።

«እምቢ ብትልስ፣ ጓድ?» አልኩት እየሳቅሁ።

«አባቷን ያስፈታ እጅ መቼ ተቆረጠ?» አለኝ። እሱም እየሳቀ። ቀጥሎ ቴፑን ከፈተው፤ ደባርቅ እስክንገባ ዘፈን ስንሰማ መጣን።

የሚቀጥለውን ለመጻፍ ከወንበሬ ሁለት ጊዜ ተነሥቻለሁ። መኪናዋ የቆመችው እኔ ግቢ ነው፤ አጥሬ ጠንካራ ነው ብሎ። እሱ እስከ እሑድ ደባርቅ ስብሰባ አለበት። ሰኞ ዘይቱን ልቀይር ነበር፤ አልቀየርኩም። ማክሰኞም አልቀየርኩም። ቆርቆሮው ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ ያየኛል፤ እኔም አየዋለሁ። ሥራው የአንድ ሰዓት ሥራ አይሞላም። ምን ሳስብ እንደነበር ይገባሻል። እሑድ ሲመጣ አመመኝ ብትዪው፣ ተናድዶ ብቻውን፣ በዚያ አነዳዱ ወደ ቆላ ቢወርድ፤ ከዚያ በኋላ አንቺንም አባትሽንም የሚጠራችሁ አይኖርም። እኔ ምንም አላደረግሁም እያልኩ ራሴን ሳታልል ከረምኩ። አልነካኋትም እኮ! ልጄ፣ በየጠዋቱ ሰው ገድዬ ቁርሴን በላሁ። ማክሰኞ ያርጋል በአጥር በኩል «ደህና አደረች?» ሲለኝ «ደህና ናት» አልኩት። ከእሱ ይልቅ ራሴን ፈራሁ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ሊያያት መጣ። ዞሯት ሲያበቃ ደረት ኪሱን መታ መታ አደረገ። «የዚያ የሻጩ ልጅ ራስ እዚህ ናት። ያንተ ብልሃት ነው፤ ከእንግዲህ ለትራክተሩም ለሁሉም ዋስ አስፈርማለሁ» አለኝ።

ክንዴን ረስቼው ነበር! እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም። መኪናዋ ገደል ብትገባ ከሬሳው ኪስ የሚወጣው ያ ወረቀት ነው። ያን ወረቀት ያስጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሰው ሳቀልኝ ብዬ።

ዛሬ ጠዋት «ሞተሯን ብርድ እንዳይመታት ላሙቃት» ብዬ ቁልፉን ተቀበልኩት። አሮጌውን ዘይት አፈሰስኩ፤ አተላ መስሏል። አዲሱን ሞላሁ፤ አየሩን አስወጣሁ፤ አራቱንም ጎማ እያነሣሁ ሞከርኩ። አሁን ሊማሊሞን ዓይኗን ጨፍና ትወርዳለች። ክንዴ ልጆቹን ክርስትና ያስነሣ። እጄን ታጥቤ እፎይ ልል ስል አንቺ ትዝ አልሽኝ። እሱን ሳተርፍ አንቺን ሰጠሁበት ማለት ነው።

እንግዲህ ስሚኝ። ወልደ ገብርኤል ሁለት በቅሎ ይዟል፤ አንዷ ላንቺ፣ አንዷ ለአባትሽ። አባትሽ ለጠበል ብለው ዛሬ ቀትር ላይ ከደባርቅ ወጥተዋል። የት እንደሚጠብቁሽ እሱ ያውቃል። ከዚያ ወዴት እንደምትሄዱም እሱ ነው የሚያውቀው፤ እኔ እንዳይነግረኝ ለምኜዋለሁ። የማላውቀውን ከአፌ የሚያወጣ የለም።

የምትወጪው ቅዳሜ ነው፤ ገበያው ሲደምቅ፣ ሰው ሁሉ ለቅበላ በግ ሲጎትት። ያን የአስተማሪ ጫማሽን አውልቂ፤ ከሩቅ ይጣራል። ለጎረቤት ስንብት አትሂጂ። መጽሐፍ አትያዢ። እሺ፣ አንድ ያዢ። ሁለት እንደምትይዢ አውቃለሁ፤ ሦስተኛውን ግን በቅሎዋ ራሷ ትጥልልሻለች። ወልደ ገብርኤል መንገድ ላይ ዝም ካለሽ አትቀየሚ፤ ለበቅሎዎቹም አይናገርም።

ያርጋል እሑድ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ሊነሣ አስቧል። አይነሣም። ሞተሯ ውስጥ አውራ ጣት የምታህል አንዲት ዕቃ አለች፤ እሷ ከሌለች እሳት አይሰጥም። እሑድ ጠዋት ያቺ ዕቃ ቦታዋ ላይ አትገኝም። በሌላ መኪና ይመጣል ብለሽ አትስጊ። ከሙሽራዪቱ ይልቅ ሎሚዋን ነው ለዳባት ሊያሳይ የፈለገው፤ ላንድሮቨር ለሠርግ አይሆነውም። ደባርቅ ውስጥ ደግሞ ከኔ ሌላ መካኒክ የለም። ይጠራኛል። እኔም ኮፈኑን ከፍቼ እንደ ሐኪም ራሴን እነቀንቃለሁ። ካንዴላዎቹን አወጣለሁ። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈትቼ ጨርቅ ላይ አሰልፋቸዋለሁ፤ በየብሎኑ አንድ ወሬ አወራለታለሁ። አባትሽ ደብተራ ሳሉ ንብ ያሳደዳቸውን፣ እኔ ለአንድ ነጋዴ የራሱን በቅሎ መልሼ የመረጥኩለትን። ሲስቅ ሰዓት አያይም፤ ይህን አጥንቼዋለሁ።

ፀሐይ ስትጠልቅ አንቺ ሩቅ ትሆኛለሽ። ያን ጊዜ ዕቃዋን ከኪሴ አውጥቼ እኔው አሳየዋለሁ። ይህን የግድ ማድረግ አለብኝ፤ አለዚያ መኪናዋ ነውር ተገኘባት ተብሎ ወረቀቱ ይወጣል፣ ክንዴም ይጠራል። መኪናዋ አንዳች እንደሌለባት፣ ያቆማት እኔ እንደሆንኩ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት እነግረዋለሁ። ዕቃዋን ቦታዋ መልሼ ሞተሯንም አስነሣታለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ ሳትንተፋተፍ ትነሣለች፤ ይህን ልዋስላት እችላለሁ።

ስለኔ ደግሞ አንድ ደስ የሚያሰኝሽ ወሬ አለኝ። ዛሬ ከቀትር በፊት ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። አሥር ዓመት ሙሉ «ጋሼ፣ ኧረ ሂድ» እያልሽ የነዘነዝሽኝን ፈጸምኩ። ሁለት ሰዓት ፈጀብን፤ እሳቸውም መሃል ላይ ውኃ ጠየቁ። ጾም ስለሚገባ ነው፤ ሌላ ምንም አታስቢ። የመሣሪያ ሣጥኔንም፣ ለእሑድ የሚሆነኝን መፍቻ ብቻ አስቀርቼ፣ ለጎረቤቴ ለአበባየሁ አውሼዋለሁ፤ እሱ ዕቃ መመለስ የማያውቅ ሰው እንደሆነ ታውቂያለሽ። ግዴለም።

እናትሽ ደብሪቱ ነፍሷ ከመውጣቷ በፊት እጄን ይዛ ምን እንዳስማለችኝ ነግሬሽ አላውቅም። «ልጄን አታስለቅስብኝ» ነበር ያለችኝ፤ ሆዷ እያወቀ፣ ሌላውን ሁሉ ማስለቀስ እንደምችል። አንቺን ከምርቃትሽ ቀን በቀር አላስለቀስኩሽም፤ ያን ቀን ያስለቀሰሽም ንግግሬ ነው። ይህንንም አንብበሽ እንዳታለቅሺ። ብታለቅሺም ከገበያው ወጥተሽ ይሁን፤ ሰው እንዳያይሽ።

የእግርሽን መንገድ ጠላት አይቅደመው። ያረፍሽበት ቤት ጭስ አይጥፋበት። አባትሽ ድምፃቸው ይመለስላቸው፤ በሄዱበት አገር ደብር ይስጣቸው። ሌላ ልጅ የምታስተምሪበት ሰሌዳ አትጪ። ትዳር ስትይዢ የምትሥቂበትን ሰው ያዢ፤ ዓይኑን አይተሽ የማይበርድሽን። ልጆች ሲወለዱልሽ አንድ አጎት ነበረኝ ብለሽ የሚያስቀውን ብቻ ንገሪያቸው፤ ሌላውን ተይው።

ወልደ ገብርኤል በር ላይ ቆሞ ያስላል። መጻፉን ማቆም አቅቶኝ ነው እንጂ ነገሬስ አልቋል። ሂጂ ልጄ።

የእናትሽ ወንድም፣
ቀልደኛው አጎትሽ